«ማሽኑ ነው የወሰነው» መልስ አይሆንም

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ብዙ ተስፋ ጥለዋል። ተስፋቸውን አልነቅፍም፤ የምሟገተው ከተስፋው ተነሥተው ከደረሱበት መደምደሚያ ጋር ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ማሽን ዘመድ ስለሌለው አያዳላም፣ የመንግሥት ውሳኔ ለእሱ ቢሰጥ ፍትሕ ይሰፍናል። ዜናም ከጋዜጠኛ እጅ ወጥቶ የእያንዳንዱን አንባቢ ፍላጎት ለሚያውቅ አልጎሪዝም (ኮምፒዩተር ተከትሎ የሚወስንበት የስሌት ደንብ) ቢተው እውነት ቶሎ ይደርሳል። ማሽኑ በጥቂት ዓመታት የሰውን ሥራ ሁሉ ስለሚችል አሁን መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ዳታው የሕዝብን ፍላጎት ከሕዝቡ ቀድሞ ስለሚያውቅ ምርጫና ምክር ቤት ያረጁ ልማዶች ናቸው። ይህን የሚጠራጠር ሰው ደግሞ ድሮ የሽመና መኪና በመዶሻ ይሰብሩ እንደነበሩት ሰዎች እድገት የሚያስፈራው ነው።

እነዚህ ሐሳቦች የጸሐፊው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን ከቴክኖሎጂ ኩባንያ መግለጫ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ፖለቲከኛ ንግግር ሲሸጋገሩ ማንም ሳይመረምራቸው እንደታወቀ ነገር መቆጠር ጀምረዋል። ሰዎች በእነሱ እየተመሩ ሕግ ያወጣሉ፣ በጀት ይመድባሉ፣ ሠራተኛ ያሰናብታሉ። ስለዚህ በየተራ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጽሑፉ ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚያው ላይ ነው። ጸሐፊው ባለሥልጣን ጉቦ ይበላል፣ ለዘመዱ ያደላል፣ ድሃውን ያንጓልላል ይላሉ። እውነት ነው። በየትኛውም አገር ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። ስሕተቱ የሚጀምረው ሰው የሚያዳላ ከሆነ ማሽን አያዳላም ብለው ሲደመድሙ ነው። ማሽኑ የሚማረው ካለፈው የሰው ውሳኔ ነውና። አማዞን ከ2014 ጀምሮ የሥራ አመልካቾችን የሚመዝን ፕሮግራም ሲሠራ ያስተማረው በአሥር ዓመት ውስጥ በደረሱት ማመልከቻዎች ነበር። የቀድሞዎቹ አመልካቾች አብዛኞቹ ወንዶች ስለነበሩ ፕሮግራሙ ወንድን መምረጥ ተማረ፤ «የሴቶች» የሚል ቃል ያገኘበትን ማመልከቻ ነጥቡን ይቀንስበት ነበር። ኩባንያው ሊያርመው ሞክሮ እምነት ሊጥልበት ባለመቻሉ ተወው፤ ነገሩም በ2018 በሮይተርስ ዘገባ ታወቀ። ያ ፕሮግራም ዘመድ አልነበረውም፤ ከሰዎቹ ውሳኔ የወረሰው አድልዎ ግን ነበረው።

አማዞን የግል ድርጅት ነው፤ የማይረባውን ፕሮግራም ሲፈልግ ይጥለዋል። መንግሥት ሲሆን ነገሩ ይከፋል። የኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤት ለሕፃናት መዋያ በሚከፈለው ድጎማ ላይ የሚያጭበረብሩ ሰዎችን ለመለየት በአልጎሪዝም ይጠቀም ነበር። አልጎሪዝሙ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ አመልካቹ የአገሪቱ ዜጋ መሆን አለመሆኑ ነበር። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ወላጆች በሐሰት አጭበርባሪ ተባሉ። ቅጹ ላይ አንዲት ፊርማ በመጉደሏ ለዓመታት የወሰዱትን ድጎማ በሙሉ እንዲመልሱ የታዘዙ አሉ። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው አሉ። ለምን እንደተጠረጠሩ ሲጠይቁ የሚነግራቸው አልነበረም፤ ፋይሉ የደረሰው ሠራተኛ ራሱ አልጎሪዝሙ እነሱን ለምን እንደመረጠ አይነገረውም ነበር። ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 የማርክ ሩተ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በአውስትራሊያም «ሮቦዴት» የሚል ስም የወጣለት አሠራር ነበር። የድጎማው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው በዓመት ያገኘውን ገቢ ከግብር መዝገብ ይወስድና ለ26 እኩል ያካፍለዋል፤ ድጎማው በየሁለት ሳምንቱ ስለሚከፈል። እንግዲህ ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ ያጣ ሰው በዚህ ስሌት ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሆኖ ይታያል። ሥራ ባጣበት ጊዜ የወሰደው ድጎማም ያልተገባ ክፍያ ይባላል። ከዚያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ ዕዳ አለብህ፣ የለብኝም የምትል ከሆነ አስረዳ። ከዓመታት በፊት የነበረ የደመወዝ ወረቀቱን ፈልጎ ማምጣት የእሱ ፈንታ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አውቶማቲክ ደብዳቤ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፣ የሚያስለቅቀው ሰው ጭራሽ በአጠገቡ የለምና። በ2020 መንግሥት 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለ373,000 ሰዎች እንደሚመልስ አስታወቀ። በ2023 ሪፖርቱን ያወጣው የምርመራ ኮሚሽን አሠራሩ ጭካኔ ያለበት፣ ፍትሐዊም ሕጋዊም ያልነበረ መሆኑን ጻፈ። ሕጉ ካልተለወጠ ይህ ስሌት እንደማያስኬድ የመንግሥት የሕግ ባለሙያዎች ገና በ2014 አስጠንቅቀው እንደነበርም በምርመራው ታየ።

ልብ ይበሉ፤ በሮቦዴት ውስጥ የረቀቀ ማሽን አልነበረም። የነበረው ማካፈል ነው። ጸሐፊው «ቴክኖሎጂው ገና ያልበሰለ ስለነበር ነው» እንዳይሉኝ አስቀድሜ ይህን ልናገር። የተበላሸው ከስሌቱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ስሌቱን የሚያስተባብል ሰው የሚሄድበት በር አልነበረውም።

ሌላው ምሳሌ ከእንግሊዝ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። ፖስታ ቤቱ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ በሠራው «ሆራይዘን» በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም በየቅርንጫፉ ይጠቀም ነበር። ፕሮግራሙ ስሕተት ነበረበት፤ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ ይላል። በውሉ መሠረት ጉድለቱን የሚሞላው የቅርንጫፉ ኃላፊ ነው። ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ የከሰሩ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ብዙዎቹ እርዳታ ለመጠየቅ ሲደውሉ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ ተብለዋል። ከውጭ ሆኖ የቅርንጫፉን ሒሳብ መንካት የሚችል የለም ሲባልም ከረመ፤ ኋላ ግን የኩባንያው ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው መግባት ይችሉ እንደነበር ተረጋገጠ። አንድ ፕሮግራም ይህን ያህል ሊታመን የቻለው እንዴት ነው? አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። ቀድሞ ከኮምፒዩተር የወጣ ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒዩተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር ማሳየት ነበረበት። ያ ድንጋጌ በ1999 በወጣ ሕግ ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ ኮምፒዩተሩ ልክ ነው ተብሎ ይገመታል። ተቃራኒውን ማሳየት የሚጠበቅበት ደግሞ የፕሮግራሙን ውስጥ አይቶ የማያውቅ የቅርንጫፍ ኃላፊ ነበር። 555 ሰዎች ተባብረው ከስሰው በ2019 ፕሮግራሙ ስሕተት እንደነበረበት በፍርድ ቤት አስወሰኑ። ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ግን እስከ 2024 አልወጣም።

ጸሐፊው የጻፉት «ማሽን አያዳላም» የሚለው እምነት በዚያች አገር ሕግ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ውጤቱንም አየን።

ጉቦ የሚበላ ሹም ክፉ ነው፤ ግን ስም አለው። ይከሰሳል፣ ይሻራል፣ በጋዜጣ ይጻፍበታል፣ ምስክር ይቆምበታል። ኃላፊነቱ ወደ ማሽን ሲዛወር ሹሙ ከጉዳዩ ይሰወራል እንጂ ውሳኔው ከሰው እጅ አይወጣም። ዜግነት ይቆጠር ያለ ሰው አለ፣ ለ26 ይካፈል ያለ ሰው አለ፣ የቅሬታውን ስልክ ማን ያንሣ የሚለውን የወሰነ ሰው አለ። በ2024 በካናዳ የታየ አንድ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። የኤር ካናዳ ቻትቦት፣ ማለትም ለደንበኛ ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ለአንድ ሐዘንተኛ ተሳፋሪ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። ተሳፋሪው ገንዘቡን ሲጠይቅ አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሥራው ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል ነው ብሎ እስከመከራከር ደረሰ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው መልስ ነው። ጉዳዩን ያየው ዳኝነት ክርክሩን ውድቅ አደረገ፤ በድርጅቱ ገጽ ላይ ለተጻፈው ሁሉ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው አለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን፣ በምድር ላይ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ አቅርበዋል። ዳኛው ከነድርጅታቸው 5,000 ዶላር ቀጧቸው። ሁለቱ ጉዳዮች በቶሎ የተፈቱት ማሽኑ ስለተሻለ አይደለም። ተጠያቂ የሚሆን ሰው ወይም ድርጅት በፍርድ ቤት ፊት ስለነበረ ነው። የኔዘርላንድስ ወላጆች ለዓመታት ያጡት ይህን ነው።

እዚሁ ላይ ጸሐፊው ማሽኑ ያለ ሰው እጅ ይሠራል ያሉትን አንድ ቃል ልበልበት። በ1770 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፔለን ቼዝ የሚጫወት ማሽን ሠራሁ ብሎ በቪየና ቤተ መንግሥት አሳየ። ማሽኑ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ፤ ናፖሊዮንም ተጫውቶ ተሸነፈ። በሣጥኑ ውስጥ ግን ተጣጥፎ የሚቀመጥ ቼዝ አዋቂ ነበር። ዛሬ ሣጥኑ ሰፋ እንጂ ሰውየው አልወጣም። ቻትጂፒቲ አስጸያፊ ነገር እንዳይናገር ለማሠልጠን ስለ ጭካኔና ስለ ወሲባዊ ጥቃት የተጻፉ ጽሑፎችን እያነበቡ ሲለዩ የዋሉት በኬንያ ያሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ በሰዓት ከሁለት ዶላር በታች ይከፈላቸው እንደነበር ታይም መጽሔት በ2023 ዘግቧል። እነሱን ከታሪኩ አውጥቶ ማሽኑ በራሱ ተማረ ማለት ለእኔ በደል ነው።

ወደ ዜናው ልለፍ። ጸሐፊው ጋዜጠኛ ውድና ዘገምተኛ ነው፣ ማሽን ርካሽና ፈጣን ነው ይላሉ። በፍጥነቱ እስማማለሁ። ሲኔት የተባለው የቴክኖሎጂ መረጃ ድርጅት ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በማሽን የተጻፉ 77 የገንዘብ ምክር ጽሑፎችን አውጥቶ ነበር። ነገሩ ሲታወቅና ድርጅቱ መለስ ብሎ ሲመረምራቸው በ41ዱ ላይ እርማት ማውጣት ግድ ሆነ። ከስሕተቶቹ አንዱን ልንገራችሁ፦ 10,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ብታስቀምጡ በመጀመሪያው ዓመት 10,300 ዶላር ታተርፋላችሁ ይላል። ትርፉ 300 ዶላር ነው። ይህን የሚያህል ስሕተት ማንም አርታኢ በአንድ እይታ ይይዘዋል፤ ግን ሥራው በዚያ ፍጥነት ሲወጣ ማንም አልያዘውም። አፕልም በ2025 መጀመሪያ የዜና ማጠቃለያ አገልግሎቱን ለማቆም ተገድዷል፤ ማሽኑ ቢቢሲ ያላለውን ነገር በቢቢሲ ስም ለሰዎች ስልክ ይልክ ስለነበር። ቢቢሲ መቃወም የቻለው የሚጠብቀው ስም ስላለው ነው። ማሽኑ ስም የለውም፤ ሲዋሽ የሚያፍርበት ነገርም የለውም።

አንባቢው የሚወደውን አልጎሪዝሙ ይምረጥለት የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የሚወደድና እውነት የሆነ ነገር አንድ አይደሉም፤ ይህም በጥናት ታይቷል። የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሠራጩ ወደ 126,000 የሚጠጉ ወሬዎችን መርምረዋል። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ ሌላ ሰው ጋ የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነተኛው 1,500 ሰው ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ የሐሰተኛውን ስድስት እጥፍ ነው። ይህን የሚያደርጉት ሮቦት የሆኑ አካውንቶች እንዳይሆኑ ተመራማሪዎቹ ለይተው አይተዋል፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰው ነው። ሐሰቱ አዲስና አስደናቂ ስለሚመስል እንቀባበለዋለን። እንግዲህ የምንጫነውን እያየ የሚያበዛልን አልጎሪዝም የሚያበዛው ይህንኑ ድክመታችንን ነው። ጥሩ አርታኢ የሚከፈለው አንባቢ ያልጠየቀውን፣ ማወቅ ያለበትን ነገር በፊቱ ለማስቀመጥ ነበር።

የመገናኛ ብዙኃን ባለቤቶችም ቁጥርን ማመን ምን እንዳስከፈላቸው አይተዋል። ከ2015 ገደማ ጀምሮ ሰው ማንበብ ትቷል፣ ዘመኑ የቪዲዮ ነው የሚል ወሬ ነፈሰ። ለወሬው መሠረት ከሆኑት አንዱ ፌስቡክ የሚያወጣው የቪዲዮ ተመልካች ቁጥር ነበር። ዝግጅት ክፍሎች ጸሐፊዎቻቸውን አሰናብተው ካሜራ ገዙ። በ2016 ግን ፌስቡክ አማካይ የእይታ ጊዜውን ለሁለት ዓመት ያህል ከ60 እስከ 80 በመቶ አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር አመነ፤ ከሦስት ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከስሌቱ አስወጥቶ ነበር። ቁጥሩ ታረመ። የተሰናበቱት ጋዜጠኞች ግን ወደ ጠረጴዛቸው አልተመለሱም።

ማሽኑ በጥቂት ዓመታት ሁሉን ይችላል ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ይህን ትንቢት ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በጁላይ 1958 ኒው ዮርክ ታይምስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያሳየውን ፐርሴፕትሮን የተባለ የኮምፒዩተር ጅማሮ ሲዘግብ፣ ወደፊት የሚሄድ፣ የሚናገር፣ የሚያይ፣ የሚጽፍ፣ ራሱን የሚያባዛና መኖሩን የሚያውቅ ይሆናል ተብሎ እንደሚጠበቅ ጻፈ። ያን ቀን የታየው ማሽን ያደረገው ከ50 ሙከራ በኋላ ግራና ቀኝ ምልክት ያላቸውን ካርዶች መለየት ነበር። በ1965 ሄርበርት ሳይመን ማሽኖች በ20 ዓመት ውስጥ ሰው የሚሠራውን ማንኛውንም ሥራ ይችላሉ ብለው ጻፉ፤ ተራ ሰው አልነበሩም፣ ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሊቅ ናቸው። በ1973 የእንግሊዝ መንግሥት ያስጠናው የላይትሂል ሪፖርት የተባለው ተስፋ አልተፈጸመም ብሎ የምርምሩን ገንዘብ አስቀነሰ። በ2016 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ስመ ጥር የሆኑት ጄፍሪ ሂንተን ራዲዮሎጂስት (የራጅና የመሳሰሉ ምስሎችን የሚያነብ ሐኪም) ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም አሉ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ እንደሚበልጣቸው ግልጽ ነው ብለው። አምስቱ ዓመት አልፏል፤ ዛሬም ብዙ አገሮች የራዲዮሎጂስት እጥረት አለባቸው። የቴስላው ኢሎን ማስክ በ2019 በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያለ ሹፌር የሚሠሩ ታክሲዎች መንገድ ላይ ይኖሩናል አሉ፤ 2020 መጥቶ ሲሄድ ቴስላ አንድም አልነበረውም።

ይህን ስል ማሽኑ ምንም አልቻለም ማለቴ አይደለም። የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ ለሕይወት ሳይንስ ትልቅ ነገር አበርክቷል፤ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙት በእሱ ነው። ግን እንዴት እንደተሳካ ይታይ። ጥያቄው የተወሰነ ነበር፣ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት በቤተ ሙከራ ያከማቹት ክፍት መዝገብ ነበረ፣ መልሱም ከእውነተኛው ፕሮቲን ጋር ተመሳክሮ ልክ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። «ይህች እናት አጭበርባሪ ናት?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ አንዱንም የለውም። ጸሐፊው የአንዱን ድል ይዘው ለሌላው ዋስ ያደርጉታል። ማሽኑ ስናናግረው የገባው መምሰሉም ማስረጃ አይሆንም። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 ኤላይዛ የምትባል፣ የሰውን ንግግር መልሳ በጥያቄ የምታቀርብ ቀላል ፕሮግራም አስተዋወቁ። ፕሮግራሟ እንዴት እንደተሠራች ታውቅ የነበረች የራሳቸው ጸሐፊ ጥቂት እንዳወራቻት ብቻችንን ተወን፣ ከክፍሉ ይውጡልኝ አለቻቸው። ዋይዘንባውም ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ለኮምፒዩተር መሰጠት የሌለበት ውሳኔ አለ እያሉ በማስጠንቀቅ ነው።

ዳታው የሕዝብን ፍላጎት ያውቃል፣ ምርጫ ለምኔ? ይህ ነጥብ ያሳስበኛል፤ ፖለቲከኞች ሲሰሙት ደስ ይላቸዋልና። ጉግል በ2008 ሰዎች ከሚፈልጓቸው ቃላት ተነሥቶ ጉንፋን የት እንደተስፋፋ የሚተነብይ አገልግሎት ጀመረ። ዓለም ሁሉ አደነቀ። በ2009 የተነሣውን አዲስ ወረርሽኝ በመጀመሪያው ማዕበል ሳያየው አለፈ፤ ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ባለው የብርድ ወቅት ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከመዘገበው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ታማሚ ተነበየ። በ2015 ተዘጋ። ሰው ጉንፋን ብሎ የሚፈልገው ሲታመም ብቻ አይደለም፤ ዜና ሲያስፈራራውም፣ ጉግል ራሱ ቃሉን ሲጠቁመውም ይፈልጋል። ጉንፋን እንኳ ዶክተር ዘንድ ሄዶ የሚቆጠር ነገር ነው። ፍትሕ፣ መሬት፣ ግብር፣ ጦርነት ላይ ሕዝብ ምን እንደሚፈልግ ከጣት እንቅስቃሴ አውቃለሁ የሚል ሰው ከዚህ ምን ተማረ? ደግሞስ ሰው ስለ አገሩ የሚፈልገው ነገር ተሠርቶ በውስጡ የተቀመጠ ነው እንዴ? ከጎረቤቱ ሲከራከር፣ ተቃዋሚውን ሲሰማ፣ ያላሰበውን ሲነግሩት ሐሳቡን ይለውጣል። ምርጫና ምክር ቤት ቦታ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ተመራጩን ማባረር የሚቻልበት ቀን በሕግ የተቆረጠ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም፤ አልጎሪዝም ግን ይህ ቀን የለውም።

ዳታው በማን እጅ እንዳለም ጸሐፊው አልነገሩንም። በ2018 እንደታወቀው የ87 ሚሊዮን ያህል የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ያለ ፈቃዳቸው ካምብሪጅ አናሊቲካ በተባለ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት እጅ ገብቶ ለፖለቲካ ዘመቻ ውሏል፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጥቷል። እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ወደ ሌላኛውም ወገን ይደርሳል። ካምብሪጅ አናሊቲካ የመራጩን ነፍስ አነበበ፣ ምርጫ አስገለበጠ ተብሎ ብዙ ተጽፏል፤ የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነር በ2020 ምርመራውን ሲዘጋ ግን ያገኛቸው ዘዴዎች በአብዛኛው የተለመዱና ማንም የሚያገኛቸው ነበሩ። ጥፋቱ የሰው መረጃ መስረቁ ነው። ተአምር ሠራሁ ማለቱ የሻጭ ወሬ ነበር፤ ተቺዎቹም ሳያውቁት አሻሻጡለት።

ቴክኖሎጂና ምርጫ አይታረቁም የምል እንዳይመስላቸው አንድ አገር ልጥቀስ። ኢስቶኒያ ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ታስመርጣለች፤ በ2023ቱ የፓርላማ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ የተሰጠው በዚያ መንገድ ነው። ግን መራጩ መርጧል። በጫና ድምፅ የሰጠ ሰው ደግሞ መለወጥ ይችላል፤ በወረቀት ከመረጠም የኢንተርኔቱ ይሰረዛል። ማሽኑ የሰውየውን ድምፅ ተሸክሞ አደረሰ እንጂ አልገመተለትም።

የሚጠራጠር ሁሉ እድገት የሚያስፈራው ነው የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ስድብ ነው እንጂ ክርክር አይደለም፤ ሆኖም ታሪኩ ስለተዛባ ላስተካክል። በ1811 በእንግሊዝ ኖቲንግሃም አካባቢ ማሽን መስበር የጀመሩት ሉዳይቶች ማሽን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። የካልሲ መሥሪያው መኪና በ1589 ከተፈለሰፈ ጀምሮ ሙያቸው ያለ ማሽን ሆኖ አያውቅም። የሰበሩትም ያገኙትን ሁሉ አልነበረም፤ ደመወዝ የቀነሱና ቶሎ የሚተረተር ርካሽ ሥራ የሚያወጡ ባለቤቶችን መኪና ሲሰብሩ፣ ስምምነቱን ያከበረውን ጌታ መኪና አልፈውት የሄዱበት ጊዜ አለ። ጥያቄያቸው ከማሽኑ የሚገኘውን ትርፍ ማን ይወስዳል፣ ጉዳቱን ማን ይሸከማል የሚል ነበር። ፓርላማው በ1812 መኪና መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን በላይኛው ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህን ሕግ በመቃወም ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ዮርክ ላይ 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ሥርዓት ባለው መንገድ ይደራጁ እንዳይባል የሠራተኛ ማኅበር ከ1799 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ነበር።

ጸሐፊው ሁለተኛ ጽሑፍ እንደሚያስከትሉ ነግረውናል። እንግዲያው በዚያኛው እነዚህን ይመልሱልን፦ አልጎሪዝሙ አንዲትን እናት በሐሰት ሲከስሳት መልስ የምትሰጠው ለማን ነው? ስሌቱን የማየት መብት ይኖራታል ወይ? ማስረዳት ያለበት እሷ ናት ወይስ የከሰሳት? ገንዘቧ እስኪጣራ ድረስ ይቆረጣል ወይስ አይቆረጥም? ስሕተት መሆኑ ከታወቀ በኋላስ፣ ይህን አልጎሪዝም ይሥራ ብሎ የፈረመው ሰው ስሙ ማን ይባላል?